የሞተር ዘይት ምርመራ ወረቀታችሁን እንዴት ታነባላችሁ?

(በሰሜን ቨርጂኒያ በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት ሥራ ላይ ያሉ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት የቀረበ ንግግር። ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ብዙም አልተነካም።)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። እሁድ ማታ ለብዙዎቻችሁ ጥሩ የሥራ ሰዓት ነው። ሥራ ዘግታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ እግዜር ያክብርልኝ። ጊዜያችሁን ላለማባከን ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

እስቲ የሞተር ዘይቱን ላብራቶሪ ልኮ ያስመረመረ እጁን ያንሳ። … አመሰግናለሁ፣ ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ ወረቀቱ መጥቶለት ምን እንደሚል በደንብ የገባው? … አያችሁ፣ እጆቹ ወረዱ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ምርመራው ከ50 ዶላር በታች ነው። ትንሿን ጠርሙስ ሞልታችሁ በፖስታ ትልካላችሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በኢሜይል አንድ ገጽ ይመጣላችኋል። ገጹ ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ሃያም ሠላሳም ይሆናሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንዱ ቁጥሩን አይቶ ይደነግጥና ደህና ሞተር ያስወርዳል። ሌላው ከታች «ኖርማል» የሚል ቃል ያይና ወረቀቱን ዘግቶ ይተኛል። ሁለቱም ገንዘባቸውን ያጣሉ። መኪናው ደግሞ የልጆች እንጀራ ነው። የቤት ኪራይ ነው። አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ ብር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይበቃኛል። ቁጥር ብቻውን አይነበብም። ከማይሉ ጋር ይነበባል። ከጎረቤቶቹ ቁጥሮች ጋር ይነበባል። ካለፈው ወረቀት ጋር ይነበባል። እደግመዋለሁ፤ ከማይሉ ጋር፣ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ካለፈው ጋር።

መጀመሪያ ይሄ ምርመራ ከየት መጣ? ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ዴንቨር ኤንድ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው የአሜሪካ የባቡር ድርጅት የናፍጣ ባቡሮቹን ዘይት በዚህ መንገድ መመርመር ጀመረ። ሞተሩን ሳይፈቱ ውስጡ ምን እየተበላ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው። ቀጥሎ ወታደሩ ለአውሮፕላን ሞተር ወሰደው። ዛሬ ለእኔና ለእናንተ መኪና ደርሷል።

አሠራሩም የሚገርም ነው። በእናቶቻችን ምድጃ ላይ ጨው ሲበተን ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን ያላየ አለ? ያ ቢጫ ብርሃን የሶዲየም ነው። ንጥረ ነገር ሁሉ በኃይለኛ ሙቀት ሲቃጠል የየራሱን ቀለም ይሰጣል። ላብራቶሪው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ዘይቱን በጣም በጋለ ነበልባል ውስጥ ያሳልፍና ብርሃኑን ይለካል። ይህን ያህል ብረት፣ ይህን ያህል መዳብ፣ ይህን ያህል ሶዲየም ብሎ ይጽፋል።

መለኪያው ፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ማለት ነው። ለመሆኑ ብረት 20 ፒፒኤም ሲባል ስንት ነው? አራት ሊትር የሚሆን ዘይት ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ቢጠራቀም 70 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ሐኪም ለልብ የሚያዝላት የትንሿ አስፕሪን ኪኒን 81 ሚሊግራም ናት። ከእሷ ያነሰ ብረት ነው በመላው ሞተር ዘይት ውስጥ ያለው። ስለዚህ ቁጥሩ ከ12 ወደ 15 ስላለ አትሸበሩ። የናሙና አወሳሰድ ልዩነት ብቻ ያን ያህል ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ነጥቦቼ ልምጣ። የመጀመሪያው ስለ ናሙናው ነው፤ አጭር ነው ግን አትዝለሉት።

ናሙና የሚወሰደው ሞተሩ ሞቆ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቆሻሻው ከታች ተኝቷል፣ ቤንዚኑና እርጥበቱም ገና አልተነነም። ማፍሰሻ ቡሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት አካባቢውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የመጀመሪያውን ፍሰት አትቅዱ። የመጨረሻውን ጠብታም አትቅዱ። መሀሉን ቅዱ። ላብራቶሪው በላከላችሁ ጠርሙስ ብቻ። የውኃ ጠርሙስ፣ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም። ዘይት የሚቀይርላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ሥራ ሳይጀምር ንገሩት፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ከባልዲ የተቀዳ ናሙና ያለፉትን አሥር መኪኖች ታሪክ ነው የሚነግራችሁ።

ቅጹን ደግሞ ሙሉ። ሞተሩ ስንት ማይል ሄዷል? ይሄ ዘይት ስንት ማይል ሠርቷል? የዘይቱ ዓይነትና ቁጥር ምንድን ነው? በመሀል ስንት ኳርት (ከሊትር ትንሽ ያነሰ ነው) ጨመራችሁ? ይህን ያልጻፈ ሰው የሚያገኘው የቁጥር ዝርዝር ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ለምን? ልንገራችሁ።

ሁለት ሾፌሮች አሉ። የሁለቱም ወረቀት ብረት 30 ይላል። አንዱ ዘይቱን 10,000 ማይል ነድቶታል። ሌላው 3,000። የመጀመሪያው በየሺህ ማይሉ 3 ነው የጨመረው። ሁለተኛው በየሺህ ማይሉ 10። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሞተሩ ግን አንድ ነው? አይደለም። የመጀመሪያው በሰላም ይተኛ። ሁለተኛው ይፈልግ።

ሌላም አለ። ዘይት የሚበላ ሞተር አለን እንበል። በየሺህ ማይሉ አንድ ኳርት ይጨመርለታል። አምስት ሺህ ማይል ሲሞላ አራት ወይም አምስት ኳርት አዲስ ዘይት ገብቶለታል ማለት ነው። ሞተሩ የሚይዘው ራሱ አምስት ኳርት ነው። ታዲያ የብረቱ ቁጥር ዝቅ ቢል ምን ይገርማል? አዲሱ ዘይት አቅጥኖታል፣ ከፊሉም ተቃጥሎ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ወረቀቱ ላይ ከጤነኛው በላይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። የጨመራችሁትን ጻፉ የምላችሁ ለዚህ ነው።

የእኛ ሥራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ የሚጠብቅ መኪና ማይሉ አይቆጥርም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። 4,000 ማይል ብሎ የጻፈው ዘይት የሠራበት ሰዓት ሲታይ ከሌላው 7,000 ማይል ሊበልጥ ይችላል። ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን፣ የምትነዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መኪናው ሲሄድ ሞተሩ እያረፈ ነው። ስለዚህ የሃይብሪዱን ወረቀት ከጓደኛችሁ የቤንዚን መኪና ጋር አታስተያዩ። መኪናችሁን ከራሱ ጋር አስተያዩ። ባለፈው ምን ነበር? ዛሬ ምን ሆነ?

ላብራቶሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የ«አማካይ» አምድ ያስቀምጣሉ። የዚያው ዓይነት ሞተር ያላቸው የሌሎች ሰዎች መኪኖች አማካይ ነው። ጠቃሚ ነው። ግን አማካዩ የተሠራው በስንት ማይል ዘይት እንደሆነ ከጎኑ ይጽፋሉ፤ እሱን ሳታዩ ከአማካይ በለጥኩ፣ ከአማካይ አነስኩ አትበሉ።

ሁለተኛው ነጥቤ የሚያስደነግጡ ግን ሊያስደነግጡን የማይገባ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ወንድማችን እኩለ ሌሊት ላይ ደወለልኝ። ድምፁ ተንቀጥቅጧል። «ዚንክ 800 ሆኗል፣ ካልሲየም ከሺህ አልፏል፣ ሞተሬ አልቆለታል!» አለኝ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዚንክ፣ ፎስፈረስ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብዙ ጊዜ ሞሊብዲነምና ቦሮንም፣ ዘይት ፋብሪካው ሆን ብሎ የጨመራቸው ናቸው። ዚንክና ፎስፈረስ ብረት ከብረት ሲነካካ እንዳይበላ ይከላከላሉ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ያጥባሉ፣ አሲድ ይገድላሉ። አብዛኞቹ በመቶና በሺህ ነው የሚቆጠሩት። እነሱን የምታዩት ለአንድ ነገር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዘይት በእርግጥ ሞተሬ ውስጥ ገብቷል ወይ ለማለት። ባለፈው ሞሊብዲነም 80 የነበረ ዛሬ 5 ከሆነና ዘይት አልቀየርኩም የምትሉ ከሆነ፣ የሞላላችሁን ሰው ጠይቁት። ይህን በዚሁ እንለፈው።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ከሞተሩ አካል የሚመጡት ብረታ ብረቶች። ብረት ከሲሊንደር ግድግዳ፣ ከክራንክሻፍት፣ ከካምሻፍት፣ ከታይሚንግ ሰንሰለት ይመጣል። አሉሚኒየም በብዛት ከፒስተን። ክሮም ከፒስተን ፋሻ፣ ማለት ፒስተኑን ከሚከቡት ቀለበቶች። መዳብ፣ እርሳስና ቲን ከብሮንዚን፣ ማለት ክራንክሻፍቱ ከሚሽከረከርበት ማቀፊያ። መዳብ ከዘይት ማቀዝቀዣም ሊመጣ ይችላል። አዳዲስ ሞተሮች ላይ ብዙዎቹ ብሮንዚኖች እርሳስ የላቸውም፤ ስለዚህ «እርሳስ 0 ስለሆነ ብሮንዚኔ ደህና ነው» የሚለው ለድሮ ሞተር የሚሠራ አባባል ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። እነዚህ ብቻቸውን አይሄዱም። ፋሻና ሲሊንደር እየተበላ ከሆነ ብረትና ክሮም አብረው ይወጣሉ፤ አሉሚኒየምም ይከተላል። ብሮንዚን እየተበላ ከሆነ መዳብና እርሳስ ወይም መዳብና ቲን አብረው ይነሳሉ። መዳብ ብቻውን ቢዘል፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም? መጀመሪያ የሚጠየቀው «የዘይት ዓይነት ቀይረሃል ወይ?» ነው። አዲስ ዘይት ከዘይት ማቀዝቀዣው ውስጠኛ መዳብ ጋር ሲላመድ መዳብ ሊያወጣ ይችላል፤ በተለይ ናፍጣ ሞተር ላይ የታወቀ ነው። እየቆየ ይወርዳል።

አዲስ መኪና የገዛችሁም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዘይቶች ላይ ብረቱም መዳቡም ሲሊከኑም ከፍ ይላል። ሞተሩ ገና እየተሟሸ ነው፤ የፋብሪካው ማጣበቂያም እየታጠበ ነው። ወረቀቱ ሲቀጥል ሲቀጥል መውረዱን ተከታተሉ እንጂ ሻጩ ጋር አትጣሉ።

ሲሊከን አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ሲሊከን ላይ ነው። ሲሊከን አቧራ ነው። አሸዋ ነው። ከብረት ይጠነክራል። ሞተር ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ፋሻውን ይበላል። ግን ሲሊከን ማለት ማጣበቂያ ሲሊኮንም ነው። ዘይት አረፋ እንዳይሆን የሚጨመረውም ውስጥ ትንሽ ሲሊከን አለ። ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በጎረቤቶቹ!

ሁለት ወረቀት ላሳያችሁ። ስማቸውን አጥፍቼዋለሁ። የሁለቱም ዘይት 5,000 ማይል ነው።

አንደኛው፦ ሲሊከን 34። ባለፈው 11 ነበር። ሦስት እጥፍ! ባለቤቱ በጣም ደንግጧል። እስቲ ጎረቤቶቹን እንይ። ብረት ባለፈው 10፣ አሁን 12። አሉሚኒየም ከ3 ወደ 4። ክሮም 1፣ እንደነበረ። ምን ታያላችሁ? አሸዋ ቢሆን ኖሮ የሚፋቀው ይታይ ነበር። ምንም አልተፋቀም። «ምን አሠርተህ ነበር?» ስንለው ከሁለት ወር በፊት የቫልቭ ከቨር ጓርኒሲዮን (የሞተሩን የላይ ክዳን ማሸጊያ) አስቀይሯል፤ መካኒኩ ጥግ ጥጉን ሲሊኮን ቀብቶታል። ያ ነው ዘይቱ ውስጥ የገባው። በቀጣዩ ወረቀት ሲሊከኑ ወደ 20 ወረደ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሁለተኛው፦ ሲሊከን 41። ብረት 33። አሉሚኒየም 14። ክሮም 4። ባለፈው ብረት 11፣ አሉሚኒየም 4፣ ክሮም 0 ነበር። አሁንስ? አሁን ሁሉም ተያይዘው ተነስተዋል። አሸዋው ገብቷል፣ ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው እየተፋቀ ነው። የዚህ ሰው የአየር ፊልትሮ ሳጥን ክዳኑ በአንድ በኩል አልገጠመም ነበር። የተሰበረው አንዲት የፕላስቲክ መያዣ ነው። ያቺን ባያገኝ ኖሮ በጥቂት ወራት ዘይት መብላት ይጀምር ነበር። ያገኘው ግን በጊዜ ነው። መያዣዋ ተቀየረች፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ የቀጣዩ ወረቀት ቁጥር ወረደ።

ሲሊከን ተቀራራቢ ነው፤ 34 እና 41። ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ ስሠራ ስለ አቧራ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አፋር ቆላ ነበርን፤ ዶዘርና ግሬደር እንይዛለን። እዚያ አቧራው ዱቄት ነው፤ እግር ሲረገጥ ይፈሳል። የማሽኖቹን ዘይት በየጊዜው ናሙና እንልክ ነበር። የአንድ ዶዘር ሲሊከን በየወረቀቱ እያደገ መጣ። የአየር ፊልትሮው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ረዳቶቹ ጎበዞች ናቸው፣ በየማታው በኮምፕረሰር አየር ይነፉታል። ዋና መካኒካችን ማታ ፊልትሮውን አውጥቶ ጨለማ ኮንቴይነር ውስጥ ይዞን ገባ። የእጅ ባትሪውን ፊልትሮው ውስጥ ከትቶ አበራ። በፊልትሮው ወረቀት ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብርሃን አየን። ኮምፕረሰሩ ወረቀቱን በስቶታል። ንጹሑ ፊልትሮ ወንፊት ሆኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንፋት ቀረ፣ መቀየር ሆነ። እናንተም የአየር ፊልትሮ ርካሽ ነው፤ በኮምፕረሰር እየነፋችሁ ዕድሜ አታስረዝሙ።

አራተኛ፤ ውኃ፣ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና ቤንዚን። ይሄ ከብረቶቹ ይልቅ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም በፍጥነት ይገድላል።

ወረቀቱ ላይ «ውኃ 0.0%» ሲል ደስ ይለናል፤ ኩላንት አልገባም እንላለን። እንዲህ አይደለም! የሞቀ ሞተር ውስጥ ውኃው ይተናል። ኩላንቱ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ግን አይተንም፤ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኩላንት የሚፈለገው በውኃ ቁጥር ሳይሆን በሶዲየምና በፖታሲየም ነው። እንደ ኩላንቱ ዓይነት አንዱ ወይም ሌላው ይበዛል። አንዳንድ ዘይት ደግሞ ከፋብሪካው ሶዲየም ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገና ያልተጠቀማችሁበትን ያንኑ ዘይት ማስመርመር ወይም ላብራቶሪውን መጠየቅ ነው።

አንዲት እህታችን ወረቀቷን አመጣችልኝ። ሶዲየም ባለፈው 6፣ አሁን 48። ፖታሲየም 1 የነበረው 27። ውኃ ዜሮ። ብረቶቹ ገና አልተነሱም። መኪናው እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ጢስ የለው፣ አይሞቅ። «ኩላንት ትጨምሪያለሽ?» አልኳት። «በየሁለት ወሩ ትንሽ» አለች፤ «ሁሉም መኪና የሚፈልግ መስሎኝ።» ጋራዥ ሄደች፤ ሌሊቱን በግፊት ተፈተነ፣ ግፊቱ ወረደ፣ ውጭ ላይ ግን ምንም ጠብታ የለም። የተበላሸው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ነበር። ገና ብሮንዚኑን ሳይነካ ነው የተደረሰበት። ኩላንት ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ቅባትነቱን ያጣል፤ ቀጥሎ የሚሄደው ብሮንዚን ነው። ያን ጊዜ ሥራው ጓርኒሲዮን መቀየር አይሆንም፣ ሞተር መቀየር ይሆናል። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ለአንዲት ጠርሙስ ዘይት ምርመራ የከፈለችው ይሄን አዳነላት። ለዚህ ነው እየዞርኩ የምናገረው።

ቤንዚንስ? ቤንዚን ወደ ዘይት የሚገባው አጭር አጭር መንገድ ስንሄድ፣ በብርድ ሞተር አስነስተን ስንቆም ነው። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ይብሳል። ወረቀቱ ላይ በሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛ የቤንዚን ፐርሰንት። ሁለተኛ ፍላሽ ፖይንት፣ ማለት የዘይቱ ትነት እሳት የሚይዝበት ሙቀት፤ ቤንዚን ሲገባበት ይወርዳል። ሦስተኛ ውፍረቱ፣ ቪስኮሲቲ የሚሉት። የ0ደብሊው-20 ዘይት (ጠርሙሱ ላይ 0W-20 የሚለው) በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በውፍረት መለኪያው፣ በሴንቲስቶክ፣ ከ6.9 እስከ 9.3 ነው መሆን ያለበት። የ5ደብሊው-30 ደግሞ ከ9.3 እስከ 12.5። የእናንተ 0ደብሊው-20 ዘይት 6.3 ከሆነና ቤንዚኑም 4 ፐርሰንት ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል።

ምን ይደረግ? ሞተር ማስፈታት አይደለም። መጀመሪያ አነዳዳችንን እንይ። ከሥራ በኋላ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ መንዳት ብዙውን ቤንዚን ያተናል። የዘይት መቀየሪያውን ማይል ማሳጠር ነው። ደግሞ ናሙናውን ከረጅም መንገድ በኋላ መልሶ መውሰድ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልወረደ ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተር ይታያል።

ዘይቱ ቢቀጥንም ቢወፍርም ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ቀጥኖ ቤንዚን ከሌለው፣ የተሳሳተ ዘይት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ወፍሮ ኦክሲዴሽን የሚለው ከፍ ካለ፣ ዘይቱ በሙቀትና በዕድሜ አርጅቷል። ወፍሮ ፖታሲየም ካለው፣ ቅድም ወዳልኩት ተመለሱ።

ቲቢኤን የሚባል ቁጥርም አለ፤ ብዙ ላብራቶሪዎች ትንሽ ጨምረው ያስከፍሉበታል። ዘይቱ አሲድ የሚገድልበት አቅም ስንት ቀረው የሚል ነው። አዲስ የቤንዚን ሞተር ዘይት 7 ወይም 8 አካባቢ ይጀምራል። ወደ 2 ወይም ወደ 1 ከወረደ አቅሙ አልቋል፣ ይቀየር። ዘይቴን ከ5,000 በላይ ልንዳ ወይ ለሚል ሰው መልሱ ያለው እዚህ ነው። ጥቁረቱ አይደለም። የዘይት ጥቁረት ብቻውን ስለ ሞተር ብዙ አይነግርም፤ እባካችሁ ጣታችሁን ነክራችሁ አይታችሁ አትፍረዱ።

አሁን ወረቀቱ የማያየውን ልንገራችሁ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ አታልያችኋለሁ ማለት ነው። ያ መሣሪያ የሚያየው እጅግ ደቃቁን ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ያሉትን። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። ከዚያ ደቃቅ የሚተልቅ የብረት ስብርባሪ መሣሪያው ውስጥ በደንብ አይነድም፣ አይቆጠርም። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚበላውን ያያል፤ ድንገት የሚሰበረውን ላያይ ይችላል። ሞተሩ እየደበደበ፣ የዘይት መብራቱ እየበራ «ቆይ ወረቀቱ ይምጣ» የሚል እንዳይኖር። አጥፉት፣ አስጎትቱት።

ትልልቁን የሚይዘው የዘይት ፊልትሮው ነው። ፊልትሮውን መቁረጫ ገዝታችሁ ክፈቱት፤ በመጋዝ አትቁረጡት፣ መጋዙ ራሱ ብረት ያራግፋል። የፊልትሮውን ወረቀት ዘርጉና ዘይቱን አንጠፍጥፉ፣ ፀሐይ ላይ ወይም በስልክ መብራት አዘንብሉት። ጥቁር ጥላሸት ችግር የለውም። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጉበት። ከተሳበ ብረት ነው። ካልተሳበና ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ወይም የብሮንዚን ሽፋን ነው። ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ መዳብ። ሁለቱን፣ ፊልትሮውንና የላብራቶሪውን ወረቀት፣ አብራችሁ አንብቡ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙስ ይጠቅማል? ይጠቅማል፣ ግን ተጠንቀቁ። ሻጩ ትናንት ዘይት ቀይሮ ከሆነ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። የትናንት ዘይት የሚነግራችሁ የለውም። ዘይቱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሺህ ማይል መሥራቱን ካላወቃችሁ ብሩን አታውጡ።

የመጨረሻው ነጥቤ፤ ወረቀቱ መጣ፣ አነበባችሁት፣ ቀጥሎስ?

ከሶዲየምና ከፖታሲየም ውጭ አንድ ቁጥር ብቻ ዘሎ ጎረቤቶቹ ካልተነቃነቁ፣ ሞተሩን አትንኩ። ዘይቱን ቀይሩና ግማሽ መንገድ ላይ፣ በ2,000 ወይም በ2,500 ማይል፣ ደግማችሁ ናሙና ላኩ። ከዚያ በፊት ምን እንዳሠራችሁ አስታውሱ። ጓርኒሲዮን? አዲስ ዓይነት ዘይት? ሞተር ማጠቢያ ኬሚካል? ኬሚካሉም ቁጥሩን ያበላሻል።

ሲሊከን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ከተነሳ የአየር መንገዱን ከፊልትሮ ሳጥኑ እስከ ሞተሩ ድረስ ዛሬውኑ አስፈትሹ። ቱቦ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ክላምፕ ላልቶ ይሆናል። ይህ ርካሽ ሥራ ነው።

ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ወይም ሁለቱም ከተነሱ የኩላንቱን መጠን ምልክት አድርጉበትና ተከታተሉ፣ በግፊት አስፈትሹ። እያነሰ ከሆነ ሥራ ላይ አታውሉት።

የብሮንዚን ብረቶች በሁለት ተከታታይ ወረቀት አብረው ካደጉ፣ ወይም ፊልትሮው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ ካያችሁ፣ የዘይት ግፊቱ በእጅ መለኪያ ይለካ። ኮምፕረሽን፣ ማለት የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ ኃይል፣ ይታይ። ከዚያ ነው ሞተር ይውረድ አይውረድ የሚባለው። በአንድ ወረቀት ብቻ «ይውረድ» የሚላችሁ መካኒክ ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ሁለተኛ ሰው ጋ ሂዱ። ላብራቶሪው ራሱም ስልክ አለው፤ ደውላችሁ ጠይቁት፣ ከፍላችኋል።

ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። በመኪናው ስም አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ስልካችሁ ላይም ቢሆን። ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ጥያቄ ራሱን ይመልሳል። መኪናውን ስትሸጡም የያዛችሁት ማስረጃ ነው።

እንግዲህ እኔ ጨርሻለሁ፣ ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ በዚህ በኩል ወደ ጠረጴዛው ኑ፣ አንድ በአንድ እናያለን። የዘይቱን ማይልና የጨመራችሁትን ኳርት ያልጻፋችሁ፣ ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ አሁን አስታውሳችሁ ጻፉት፤ ያለዚያ ማንበብ አልችልም። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።